መድኃኒቱ በነፃ፤ መንገዱስ በማን?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ርእሳችን በየመስጂዱና በየቤቱ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ እንነጋገራለን። ስለ መተላለፊያ መንገዶቹ ግን ከልጅ እስከ አዋቂ ሁሉም ስለሚያውቅ አንደግመውም። የዛሬው ወሬያችን ስለ ገንዘብ ነው። መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ መደርደሪያ አንስቶ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በከላላ ወይም በአጅባር በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ እስከምትኖር ምስኪን እህታችን ድረስ የሚያደርሰው መኪና፣ ነዳጅና ባለሙያ በማን ገንዘብ ይሠራል? ጥያቄያችን ይህ ነው። ምላሹም፣ ኢንሻአላህ፣ ከእኛው ከራሳችን ኪስ የራቀ እንዳልሆነ እናያለን።

ከየት ተነስተን የት ደረስን?

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት እናስታውሳቸዋለን። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ጀናዛ ወጥቷል፤ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን እንደገና እንደ ልጅ አሳድገዋል። በ1995 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት ሲጀምር የገዛው አቅም ያለው ብቻ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። አልጋ ይዘው የነበሩ ተነሱ፤ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ዛሬ ሕክምናው ከቀድሞው እጅግ ቀሏል። አብዛኛው ታካሚ የሚወስደው በቀን አንድ እንክብል ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በመሣሪያ ሊታይ እስከማይችል ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ደረጃ ደርሶ የጸና ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ነፍሰ ጡር እናት ምንም ክትትል ካልተደረገላት ከወለዷቸው ሕፃናት መካከል ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚደርሱት በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ ሊያዙ ይችላሉ፤ ክትትል ሲኖር ግን ይህ ከ5 በመቶ በታች ይሆናል። ልብ በሉ! ልዩነቱን የሚያመጣው እናቲቱ በጊዜ መመርመሯና መድኃኒቱን አለማቋረጧ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ከተሞች የተካሄደው ትልቅ ጥናት አንድ ነገር አሳይቷል። ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ራሳቸውን ያወቁት ከመቶ 79 ያህሉ ነበሩ። ካወቁት ውስጥ ከመቶ 97ቱ መድኃኒት ጀምረዋል፤ ከጀመሩት ውስጥም ከመቶ 88 ያህሉ ቫይረሱን ተቆጣጥረውታል። እንግዲህ አንድ ሰው ራሱን ካወቀና ሕክምናው ዘንድ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ይቆጣጠራል ማለት ነው፤ ትልቁ ቀዳዳ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ነው። ራሱን ያላወቀው ሰው ወደ ሆስፒታል ሊመጣ አይችልም። ወደ እርሱ መሄድ ያስፈልጋል።

ይህ ደግሞ በዋናነት የከተማ ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የቫይረሱን ሥርጭት በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል። ከተማ ስንል አዲስ አበባንና ደሴን ብቻ አናስብ። በደጋው ላይ ያሉት የወረዳ ከተሞችም ከተሞች ናቸው።

ሆስፒታል ባለበት ከተማ ምን ያደርጋል?

አንዳንድ ወንድሞች ይጠይቃሉ፦ "መካነ ሰላም ሆስፒታል አላት፤ አቀስታም አላት። ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ለምን ያስፈልጋል?" ጥያቄው ተገቢ ነው።

መካነ ሰላምን የሚያውቅ ሰው በከተማዋ ውስጥ የሚኖረውን ሕዝብ ያስብ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚያ በመሆኑ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች አሉባት። የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የሻይ ቤት አስተናጋጇ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩና ረዳቱ፣ ከገጠር ሸሽታ የመጣች ልጃገረድ፣ ከስደት የተመለሰ ወጣት ሁሉ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ሆስፒታሉ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆንም ሩቅ ነው። የቀን ሠራተኛው ተራ ሲጠብቅ ከዋለ የዕለቱ ምንዳ ቀረበት፤ ልጆቹም ጦማቸውን አደሩ። የቤት ሠራተኛዋ አሠሪዋን "የት ነበርሽ?" ስትባል ምን ትመልሳለች? ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ደግሞ በዚያ ክፍል በር ላይ መታየት ራሱ ትልቅ ጋሬጣ ነው። ስለዚህም በአጠገቡ ያለውን ሆስፒታል ትቶ፣ እንዳይታወቅ ብሎ ደሴ ድረስ የሚመላለስ ሰው ይኖራል። የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጣ ቀን መድኃኒቱ ይቋረጣል።

ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የተነሱ እህቶቻችንንም አንርሳ። ለቪዛ ሲባል በሚደረግ ምርመራ ውጤቷን ሰምታ ጉዞዋ የተሰናከለ ልጅ፣ የወጪውን ዕዳ ተሸክማ ወደ ወሎ ስትመለስ ማን ይቀበላታል? ውጤቷን ሰምታለች፤ ሕክምና ግን አልጀመረችም። ወደ ሆስፒታል ሄዳ ስሟን ከማስመዝገብ ዝም ብላ መቀመጥን ትመርጣለች።

የአካባቢውን አቀማመጥ ስንጨምርበት ነገሩ ይጸናል። ይህ አገር በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል የተዘረጋ ደጋ ነው፤ የአምባ ፈሪት ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በለጋምቦ ብርድ፣ በክረምት ጭቃ ከወረዳ ወረዳ መሄድ ለጤነኛ ሰውም ፈተና ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ታማሚው በቀጠሮው ቀን መድረስ አልቻለም። ከዚያም በፊት፣ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ የወሎ ሕዝብ ሁሉ የሚመካበት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ እንደነበር እናውቃለን።

ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ስንል

ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ሲባል ትልቅ አውቶቡስ ብቻ አይምሰለን። ለእኛ አገር መንገድ የሚበጀው ጠንካራ የአገር አቋራጭ መኪና፣ አንድ ድንኳን፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ የመድኃኒትና የምርመራ ኪት ሣጥን፣ የደም ናሙና በቅዝቃዜ የሚይዝ ሣጥን ነው። አንድ ነርስ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንድ አማካሪና ሾፌር ይበቃሉ። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይደረጋል፤ ውጤቱም በዚያው ዕለት ይታወቃል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው፣ ዝግጁ ከሆነና የሚከለክል ሌላ ሕመም ከሌለበት፣ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ሊጀምር ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ሥራውን ያቀልለዋል። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን ሕክምናው የተስተካከለለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መውሰድ ችሏል። እንግዲህ መኪናው ወደ አንድ ሰፈር በዓመት ሁለቴ በቀጠሮው ቢደርስ የጸናው ታካሚ መድኃኒት አይቋረጥበትም ማለት ነው። የቫይረሱን መጠን ለማወቅ የሚወሰደው ናሙናም በዚያው መኪና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

መኪናው ግን "የኤድስ መኪና" የሚል ስም እንዳይወጣለት መጠንቀቅ ያሻል። ያ ስም ከወጣለት ማንም አይጠጋውም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዴዝሞንድ ቱቱ የጤና ፋውንዴሽን የሚንቀሳቀሰው መኪና ይህን ዘዴ አውቆበታል። ከኤች አይ ቪ ጋር የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ሳንባ ነቀርሳን አብሮ ይመረምራል። ከመኪናው የሚወርደውን ሰው ለምን እንደገባ የሚያውቅ የለም። የእኛም እንዲሁ ቢሆን አባቶች ለግፊት፣ እናቶች ለእርግዝና ክትትል ሲሰለፉ፣ ያቺ የቤት ሠራተኛ በመካከላቸው ቆማ ማንም ሳይጠረጥራት ትታከማለች።

የሰው እጅ ሲታጠፍ

እስከዛሬ የዚህ ሕክምና ወጪ አብዛኛው የተሸፈነው ከውጭ በመጣ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ግሎባል ፈንድና እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ መንግሥት የተጀመረው ፔፕፋር ዋነኞቹ ናቸው። ለዋሉልን ውለታ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን በድንገት ሲያግድ ምን እንደሆነ አየን። ሕይወት አድን መድኃኒት እንዲቀጥል ልዩ ፈቃድ ቢሰጥም፣ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ተደረገ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ የወጣው የአሜሪካ ስትራቴጂም ወጪው ቀስ በቀስ ወደየአገሮቹ እንዲዛወር የሚል ነው።

በዚህ ውስጥ አንድ ትምህርት አለ። እርዳታ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዳው እንክብሉን ታካሚው ዘንድ የሚያደርሰው ሥራ ነው። ከቀጠሮ የቀረን ሰው ደውሎ የሚፈልግ ሠራተኛ፣ ነዳጅ፣ የውሎ አበል፣ የናሙና ማመላለሻ ይጎድላል። እነዚህ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ጥቃቅን ወጪዎች ናቸው፤ ለታካሚው ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ናቸው። ለእኛ ደግሞ በአቅማችን ልክ የሆኑ ወጪዎች ናቸው።

ከእኛው ታሪክ

ውድ አድማጮች! ሕክምናን ወደ ሕመምተኛው መውሰድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ክንዳቸውን በቆሰሉ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና መስጂድ ውስጥ ድንኳን እንዲተከልላቸው አድርገዋል፤ ይህም ከቅርብ ሆነው ለመጠየቅ ነበር። ሩፈይዳ አል-አስለሚያህ (ረ.ዐ.) በዚያ ድንኳን ቁስለኞችን ታክም እንደነበር ሲራችን ይነግረናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመምተኛውን ወደ ራሳቸው አቀረቡት፤ የመስጂዱም ግቢ ለሕክምና ተከፈተ።

ከዚያም በዐባሲያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ወዚሩ ዐሊ ኢብኑ ዒሳ ለሐኪሞች አለቃ ለሲናን ኢብኑ ሣቢት ትእዛዝ ጻፈ። ሐኪም የሌላቸውን የኢራቅ ሰዋድ መንደሮች አስቦ፣ ሐኪሞች የመድኃኒት ሣጥን ይዘው በየመንደሩ እንዲዞሩ፣ በየደረሱበትም የሚያስፈልገውን ያህል ቀን ተቀምጠው እንዲያክሙ አዘዘ። ከመንደሮቹ ውስጥ አይሁዶች የሚኖሩባቸውም ስለነበሩ ሲናን ስለነሱ ጠየቀ፤ ወዚሩም ቅድሚያ ለሙስሊሞች ይሁን ቢልም ሕክምናው ለሌሎቹም እንዲደርስ ፈቀደ። ይህ የሆነው ከ1,000 ዓመት በፊት ነው! ለዘለቄታው ደግሞ ወቅፍ ነበር። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ያቆመው የመንሱሪ ሆስፒታል የሱቅና የንብረት ኪራይ ወቅፍ ተደርጎለት ለዘመናት ሲያክም ኖሯል። ሰዎቹ አልፈዋል፤ ወቅፋቸው ግን ከእነሱ በኋላም ሠርቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቅሬያችን። በወሎ ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ አድርጎ የያዘ ታላቅ ሀብት ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው በአንድ ጥሪ ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ታዲያ ለመቅበር እንዲህ የተደራጀን ሰዎች ለማዳን ለምን አንደራጅም? እንበልና አንድ ቅሬ 200 አባወራ አለው። እያንዳንዱ በወር 10 ብር ቢጨምር 2,000 ብር ይሆናል። እንዲህ ያሉ 20 ቅሬዎች ቢተባበሩ በወር 40,000፣ በዓመት 480,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ መኪና አይገዛም፤ ላለው መኪና ግን ነዳጅ ይሞላል፣ ለባለሙያው አበል ይከፍላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ።

ሁለተኛ፣ ዘካና ሰደቃ። ዘካ በሱረቱ አት-ተውባ ለተዘረዘሩት ስምንት ክፍሎች የተወሰነ ነው፤ ብዙ ዑለማዎችም ገንዘቡ በድሃው እጅ ሊገባ ይገባል ይላሉ። ስለዚህ ከዘካ ለችግረኛ ታካሚ የመሳፈሪያና የምግብ ገንዘብ በእጁ መስጠት ጥርጣሬ የሌለበት መንገድ ነው። ባዶ ሆድ መድኃኒት መዋጥ እንዴት ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለነዳጅና ለዕቃ የሚውለው ግን ከሰደቃ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚህ ያለፈውን የየአካባቢያችንን ዑለማዎች እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ወቅፍ። በመካነ ሰላም ወይም በአቀስታ ሁለት የሚከራዩ ሱቆች ወይም አንድ የእህል ወፍጮ ለዚህ ሥራ ወቅፍ ቢደረጉ ገቢው በየወሩ ይመጣል። ለጋሽ አገር ሐሳቡን ቢለውጥ ወፍጮው መፍጨቱን አያቆምም። በሪያድ፣ በጂዳና በሌላውም አገር ያላችሁ የወሎ ልጆች! ለመስጂድ ግንባታ እጃችሁ ምን ያህል እንደሚዘረጋ አይተናል። መኪና መግዛት የእናንተ ድርሻ ቢሆን፣ በዚያ መኪና ከሚድን እያንዳንዱ ነፍስ ምንዳችሁን አላህ ዘንድ ታገኛላችሁ፤ እናንተ ካለፋችሁም በኋላ ሰደቀቱል ጃሪያ ነው።

አራተኛ፣ መንግሥትም ድርሻውን ይወጣ። የዚምባብዌ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከገቢ ግብር ላይ 3 በመቶ ተጨማሪ እየሰበሰበ ለኤድስ ሕክምና ያውላል። ያቺ አገር ከእኛ የተሻለ ተመችቷት አይደለም። የእኛ መዋጮ መንግሥትን ከኃላፊነቱ የሚያሳርፍ ሊሆን አይገባም፤ ቀዳዳውን የሚደፍን እንጂ።

አማናው እንዲጠበቅ

ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ሊፈርስ የሚችልባቸው በሮች አሉ። እነዚህን ከወዲሁ እንዝጋ። ሥራው ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ከሆስፒታሉ ጋር በስምምነት ይሁን፤ መድኃኒቱም ባለሙያውም የእነሱ ነውና። ገንዘብ ሰብሳቢው ኮሚቴ የታካሚ ስም አይጠይቅ፣ አይይ፤ ሊያውቅ የሚገባው ስንት ሰው እንደታከመ ብቻ ነው። የሰውን ገመና መሸፈን ግዴታችን ነው። ሂሳቡ በየሦስት ወሩ በመስጂድና በቅሬው ስብሰባ ይነበብ። አገልግሎቱ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል ይሁን። መኪናው መጣሁ ባለበት ቀን ይምጣ፤ ሁለቴ የቀረ መኪና ሦስተኛ ጊዜ የሚጠብቀው የለም። በግጭቱ ውስጥ ያሉ ወገኖች ሁሉም፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ የሕክምና መኪና የማንም ወገን አለመሆኑን አውቀው ያሳልፉት።

ለኢማሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ዱዓና ሩቅያ ይደረግ፤ ግን "መድኃኒቱን ተወው" የሚል ሰው ሲመጣ በግልጽ ተቃወሙት። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ረመዷን ሲመጣም በቀን አንዴ የሚወሰደው እንክብል ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ሊወሰድ ይችላልና ታካሚው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ በጾም ሰበብ አያቋርጥ።

ውድ አድማጮች! ጌታችን በሱረቱል ማኢዳ የአንዲትን ነፍስ ሕይወት ምን ያህል እንዳከበራት ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባችሁ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ "በወር 10 ብር እንጨምር" ይበል። ያ ሰው እናንተ ሁኑ።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይፈውስልን፤ የተሸሸጉትን ያለ ውርደት ወደ ሕክምና ያድርስልን፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን!